የጠላቂ መነጽር

ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣
ቸርችል ጎዳና ታክሲ ሲወርድ፣ ሲወጣ የሚታይ
መስኮት አጠገብ ነው ወንበሬ።
ስምንት ዓመት ባሕር ሸጥሁ፤ ባሕር ነው የአፌ ወሬ።

«ዛንዚባር» እላለሁ፣ «አምስት ሌሊት፣ ቁርስ ጨምሮ፣
ሁለት ሰው፣ ደርሶ መልስ፣ ከሻንጣ ጋር ተደምሮ።
ባሕሩ ሲሸሽ በጠዋት፣ ዓለቱ መሐል ይቀራል
ገበቴ ገበቴ የሚያህል ኩሬ፤ ታቹ እንደ ጠርሙስ ይጠራል።
ፊትን ውሃው ላይ መድፋት ነው፣ ዋና አይጠይቅም ብዙ፤
ዓሣው ራሱ ይመጣል፣ ባለ መስመሩ፣ ከነጓዙ።»

ይህን ስል እጄ ይዋኛል፣ ጠረጴዛው ላይ ይቀዝፋል፤
ደንበኛው ፈዝዞ ያየኛል፣ ፓስፖርት ቁጥሩን ይጽፋል።

እኔ ግን፣ እውነት እንነጋገር፣
የማውቀው ውሃ የለም ከላንጋኖ በስተቀር፤
እሱም ሻይ በወተት መሳይ፣
የገባ እግር የማይታይ።

ባለፈው ሙሽሮቹ፣ ሚልኪያስ ከነቤዛዊት፣
ቆዳቸው ካፍንጫ ተልጦ፣ መጡ ዓርብ ዕለት በክረምት።
«ያልሽው ሁሉ እውነት ሆኖ! ዓሣው በጣቴ መሐል ሲያልፍ!
አንቺ ስንቴ ሄደሽ ነው?»
ዝም አልኩኝ፣ ደረሰኝ ስጽፍ።

ስጦታ ብላ የሰጠችኝ፣ በፌስታል የተጠቀለለ
የጠላቂ መነጽር ነው፤ ጠርዙ ላይ አሸዋ ያለ፣
ቱቦው ጫፍ ላይ ንክሻዋ እንደታተመ የዋለ።

ሲሄዱ፣ ጠርዙን በምላሴ ነካሁት።
ጨው። አሁንም።

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ቁልቁል ወረድኩኝ በእግሬ፣
አንበሳውን አልፌ፣ መነጽሩን ቦርሳ ውስጥ ቀብሬ።
ዝናብ አባርቷል፤ አስፋልቱ ጉድጓድ ጉድጓዱን ሞልቷል፤
ባሕር ሸሽቶ የተወው ይመስላል።

ፍልውሃ ተራ ያዝኩኝ፤ ቁጥሬ ሠላሳ አራት፤
ካጠገቤ ሳሙና በመሐረብ የቋጠሩ፣ ወገብ የሚያማቸው እናት፦
«ምንድነው ቦርሳሽ ውስጥ ያበጠው?»
«መነጽር።»
«ለንባብ ነው?»
«ለውሃ።»
«ውይ፣ ልጄን! ዓይንሽን ነው የሚያምሽ?»

በሩን ቆለፍኩ። እንፋሎት። ግድግዳው ላብ አውጥቷል።
ከከተማው ሆድ፣ በቧንቧ፣ የሞቀ ውሃ ይመጣል።
ገንዳው እስኪሞላ ጠበቅሁ። መነጽሩን አጠለቅሁና
ላስቲኩ ፀጉሬን ጎተተኝ፤ ቱቦውን ነከስኩ፣ በቤዛዊት ጥርስ ፋና፤
ፊቴን ደፋሁት።

መጀመሪያ ትንፋሼን ሰማሁ። ትልቅ ነው። የሌላ ሰው ይመስላል፤
ደክሞት ዳገት የሚወጣ፣ ጆሮዬ ሥር ይሰማል።
ከዚያ ዓይኔን ገለጥኩ።

የባሕር ኮከብ የለም። ዛጎል የለም። ነጭ ሸክላ ነው፣
አንዱ ጥጉ የተሸረፈ፤ አንድ የዛገ የፀጉር ማስያዣ፣ ይኸው።
ግን ጉልበቶቼ! ሁለት ዓለት፣ ከታች ወደ ላይ የበቀሉ፣
በመሐላቸው አረፋዎች ሽቅብ ሽቅብ የሚሉ፤
ከብስክሌት የወደቅሁበት ጠባሳ፣ ሐምራዊ፣ ሰፊ፣ ቅርብ፤
ጣቶቼም ዳር ዳር ሲሉ፣ እንደ ተጠራጠረ ሕዝብ።
ያለፈው ሰው የረሳት የሳሙና ስባሪ
ከጥጉ ተነሥታ፣ ስስ፣ ሮዝ፣ በጎኗ ቀዛፊ፣
ጉንጬ አጠገብ መጣች።
ልይዛት ስል ሸሸች።

ኳ ኳ ኳ! «ሰዓት አልቋል!»
ከውሃ በላይ ያለው ዓለም ሁልጊዜ ይቸኩላል።

ስወጣ ፊቴ ላይ የላስቲኩ ቀይ ክብ ማኅተም ነበረ።
እናትየዋ አዩኝ፤ ተራቸው ገና ነበረ።
«ዳንሽ?» አሉኝ።
«አየሁ» አልኳቸው።

ሰኞ አንድ ሰውዬ፣ ዝናብ ከጃንጥላው እያንጠባጠበ፣
ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ፎቶውን እንደ ደብዳቤ አነበበ።
«ኩሬው አያሰጥምም?» አለ። «እኔ እኮ ዋና አልችልም።»
እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በዚያን ቀን አልዋኘም።
«መጀመሪያ የሚሰሙት ትንፋሽዎን ነው» አልኩት፤ «አይደንግጡ።
በአፍ ነው። ቀስ ብለው።
ከዚያ ዓይንዎን ይግለጡ።»